ለወፍ የበዛ ማማ

«አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ ከወንዝ ዳር፣ ሜዳ ላይ። ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። አፈሩ ጥቁር፣ ማሽላው ከሰው ቁመት የሚበልጥ።»

እማሆይ አጸደ እንዲህ ብለው የጀመሩት ለሽባባው ነው። የሽባባው ቤት ከተረተር ሥር ነው። ከሦስት ቀን በፊት እንጨት ሊቆርጥ ከቤቱ በላይ ሲወጣ መሬቱ ተሰንጥቆ አየ፤ ክንዱን ቢሰድ እስከ ብብቱ ገባ። ትናንት ሄዶ ሲያየው ሰፍቷል። ወንድሙ ደልዳላ መሬት ላይ ቤት አለው፤ ሲብስ ቤተሰቡን ወደዚያ ሊወስድ በልቡ ቆርጧል። ለማንም ግን አልተናገረም። ለእማሆይ ብቻ መጥቶ ጠየቃቸው። ለባለቤቴና ለልጆቼ ልንገራቸው፣ ወይስ ፍርሃቱን ብቻዬን ልሸከም? ክፉ ነገር በአፍ ሲጠራ ይመጣል ይባላልና።

እማሆይ ቀጠሉ።

ሰውየው ወንዙን ይፈራ ነበር። አባቱ በልጅነቱ፣ ይህ ሜዳ የወንዙ ነው፣ የምናርሰው አውሶን ነው ብሎ ነግሮታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጠዋት ሲነሣ፣ ፊቱን ሳይታጠብ የውሃውን ቀለም ሄዶ ያያል። ያየውን አይናገርም። ሚስቱ ዛሬስ ወንዙ ጮኸ ስትል፣ «አታሟርቺ» ይላታል። ውላ አድራ እሷም ተወችው። ጎርፍ የሚለው ቃል ከዚያ ቤት ጠፋ።

እጁ ግን ዝም አላለም።

በየማሳው ማማ አለ፤ ሰው ወጥቶ ወፍ የሚጠብቅበት። አራት ቀጫጭን እንጨት፣ ላዩ ርብራብ፣ በቃ። ሰውየው የራሱን አፈረሰ። ከማሳው ከፍ ወዳለው ኩይሳ አዛወረው። አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ጉድጓዱ እስከ ደረት፣ ዙሪያውን ድንጋይ ጠቀጠቀበት። ጎረቤቶቹ ሳቁ። አንዱ፣ ዘንድሮ ወፎቹ በሬ አህለው መጡ እንዴ አለው። ሌላው፣ የለም፣ አማቱ ሊጠይቁት ስለሚመጡ ነው አለ። አብሯቸው ሳቀ። ሚስቱም ጠየቀችው።

«ለወፍ ነው» አላት።

ማማው ላይ፣ ከሸራ ሥር፣ በቅል በሶ አስቀመጠ። በጀሪካን ውሃ። ሦስት ገመድ። ገመዶቹን የቆረጠው ሚስቱንና ልጆቹን ሲያቅፍ ወገባቸውን በክንዱ እየለካ ነው። ደራሽ ውሃ ሲመጣ ተሸክሞ ያወጣቸዋል፤ ከምሰሶው ጋር ያስራቸዋል፤ በሶ እየበጠበጠ ያጠጣቸዋል። ሁሉን አሰበ። ባሰበው ሁሉ ውስጥ እሱ ራሱ አለ።

ደራሽ ውሃው ቅዳሜ ቀን መጣ፤ በጠራራ ፀሐይ።

ሰውየው ወንዙን ተሻግሮ ገበያ ሄዶ ነበር፤ እየተመለሰ ነው። ሰማዩ ላይ የጥጥ ያህል ደመና የለም። ዝናቡ የዘነበው ሩቅ፣ ደጋው ላይ ነው። መጀመሪያ ሽታው መጣ። የአፈር፣ የተነቀለ ሥር። ከዚያ ከብቶቹ ግጦሻቸውን ትተው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ ድምፁ፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ የቆመ መሰለው። የመሻገሪያው ድንጋይ ዓይኑ እያየ ጠፋ።

ከማዶ ቤቱ ይታየዋል። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ደጃፍ ቆማለች። ከደጃፉ እስከ ማማው ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጮኸ። ውሃው ድምፁን በላው። ዱላውን ወደ ማማው ዘረጋ። ደግሞ ዘረጋ። ደግሞ።

አየችው። ዱላው ወደ ማሳው እንደተዘረጋም አየች። ይህ ሰው በዚህ ሰዓት ማሽላውን ጠብቂ ይለኛል? አበደ አለች በልቧ። ልጆቿን ይዛ ወደ ቤት ገባች። እናቷ ታደርግ እንደነበረው ቆጥ ላይ አወጣቻቸው፤ አጠገባቸው ወጣች። በሩን ዘግታዋለች።

የጭቃ ግድግዳ ውሃ ሲጠጣ አይጮህም። ሰውየው ከማዶ ሆኖ፣ ዱላው እንደተዘረጋ፣ ቤቱ ሲንበረከክ አየ።

ሚስቱ ተረፈች። የጣራው ወራጅ ተሸክሟት ታች ግራር ላይ ተንጠልጥላ አገኟት። ልጆቹ አልተገኙም። በሦስተኛው ቀን ውሃው ጎደለ። ከሜዳው ላይ ቆሞ የቀረው ማማው ብቻ ነው። ወፍ ሰፍሮበታል።

ሴትዮዋ ሄዳ ወጣችበት። ሸራውን ገለጠች። በሶው ደረቅ ነበር። ገመዶቹን አንድ በአንድ አነሳች፤ ትንሹን ስታነሳ የማን እንደሆነ ገባት። ወርዳ ባሏ ፊት ቆመች። አልጮኸችም።

«የወገባችንን ልክ ለክተህ ገመድ ስትቆርጥ፣ አፍህን ምን ያዘው?» አለችው።

 

እማሆይ ተረታቸውን እዚህ ላይ ጨረሱ። መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ፤ ወደ ሽባባው ዞሩ።

«ያ ሰው ሰነፍ አይደለም፣ ሽባባው። ከአገሩ ሁሉ የለፋ እሱ ነው። ማማውን ለልጆቹ ሠራ፤ ለምን እንደሠራው ግን ለራሱ አስቀረ። አንተም ይኸው የወንድምህን ቤት አስበሃል፣ መንገዱን መርጠሃል፣ ሲብስ እወስዳቸዋለሁ ትላለህ። ሲብስ አንተ የት ትሆናለህ? እርሻ? ገበያ? ለቅሶ?»

ሽባባው ትንሿ ልጁ ፈሪ መሆኗን ነገራቸው። ይህን ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።

«አይውሰዳት። አንተስ ሦስት ቀን ተኝተሃል? በቤቱ ውስጥ የነቃኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ያ ነው የሚያስፈራው። ሂድና ተረተሩን ከሩቅ አሳያቸው። ስሙን ጥራው፤ ይናዳል በላቸው። ከዚያ ወደ ወንድምህ ቤት ሂዱ፤ ግን አንተ አትምራ። ትንሿ ልጅህ ትምራ፣ አንተ ከኋላ ሁን። ያለ አንተ መድረሳቸውን ስታይ፣ ያን ጊዜ ተዘጋጀሁ በል። ማደሪያችሁም ከዛሬ ጀምሮ እዚያው ይሁን።»

ሽባባው ተነሣ። ደጁን ተመለከተ። ዛሬ እንኳ ሰማዩ ጠርቷል፣ ነገ በማለዳ ባደርገውስ አለ።

«የዚያን ቀንም ጠርቶ ነበር» አሉት።