የደባልቄ ቅናት

በእኛ አገር፣ ሰው ሐቅ ተናግሮ መከራ ሲገጥመው አጠገቡ ያለ ሰው የሚላት አንዲት አባባል አለች። ብዙ ሰው ለማጽናኛ ያህል ብቻ የምትባል ይመስለዋል። አክስቴ ግን «መጀመሪያ የተነገረችው ማደሪያ ላጡ አባትና ልጅ ነው» ትል ነበር። እዚያ ያደረሳቸው ደግሞ ንብ ነው።

ደባልቄ የሚባል ንብ አርቢ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ልጁ ከውዲቱ ጋር ይኖራል። ጎረቤቱ ወንድይፍራውም ንብ አርቢ ነው። አበባው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ሜዳው አንድ፤ ንቡ ግን የደባልቄን ቀፎ ትቶ የወንድይፍራውን ይሞላል። ገበያ ላይ ሰው «የወንድይፍራውን ማር አምጡልን» ባለ ቁጥር የደባልቄ ጆሮ ይግላል። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ በአጥሩ ቀዳዳ የጎረቤቱን ቀፎዎች ያያል፤ አዲስ ከተሰቀለ የዚያን ቀን እህል አይወርድለትም።

አንድ ዓመት በመስከረም፣ ከወንዙ ማዶ ከባላምባራስ ጓንጉል ግቢ አንድ ትልቅ መንጋ ንብ ኮበለለ። ደባልቄ መንጋው ሲመጣ አይቶ ቶሎ ብሎ መልካም ሽታ ባለው ቅጠል የታጠነ አዲስ ቀፎ ሰቀለ። ከውዲቱ ጋር ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቆሙ። መንጋው ቀፏቸውን አንዴ ዞረው፤ ሁለቴ ዞረው።

«ገባ! ገባልሽ!» አለ ደባልቄ።

አልገባም። ብድግ አለና አጥሩን ተሻግሮ የወንድይፍራው ቀፎ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ደባልቄ ጋቢውን መሬት ላይ ወረወረው።

በአገሩ ደንብ፣ ኮብልሎ የመጣ ንብ የገባበት ቀፎ ባለቤት ነው። ባላምባራስ ጓንጉል ግን ንብ እሳቸውን ትቶ ይሄዳል መባሉን እንደ ውርደት ቆጠሩት። «ወንድይፍራው ግቢዬ ገብቶ ሰረቀኝ» ብለው ከሰሱ። ከዚያ ደባልቄ ዘንድ በበቅሎ መጡ።

«የዚያን ሰው ቤት አሻግረህ የምታይ አንተ ብቻ ነህ» አሉት። «ዳኞች ሲጠይቁህ ንብ ሲመጣ አላየሁም በል። ቀፎዎቹ ለካሳ ሲወሰዱ እኩሌታው ላንተ ነው። ለዳኝነቱ ስትመጡም እኔ ቤት ታርፋላችሁ።»

ደባልቄ እሺም እምቢም አላለም። ቀኑ ሲደርስ ልጁን አስከትሎ ወንዙን ተሻገረ። ስንቃቸውንና ልብሳቸውን ባላምባራስ ቤት አስቀምጠው ወደ ሸንጎው ሲሄዱ ውዲቱ አላስችል አላት።

«አባዬ፣ አላየሁም ብትል ማን ያውቅብሃል?»

«አንቺ» አላት።

ጥቂት እንደሄዱ «ዕድሜ ልኬን ቀንቼበታለሁ» አለ ደባልቄ። «ያ ቀፎው ቢቃጠል አላለቅስለትም። ሌባ ግን አይደለም።»

ሸንጎው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጧል። ዳኛው አባ ተድላ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ወንድይፍራው ነጠላውን አደግድጎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። ደባልቄን ሲያይ ይብስ አንገቱን ደፋ፤ የዚህን ሰው ቅናት አገር ያውቀዋልና።

«ንቡ ሲገባ አይተሃል?» አሉ አባ ተድላ።

ያ ሁሉ ቀፎ ደባልቄ ዓይኑ ላይ ዞረበት። «አይቻለሁ» አለ። «በራሱ በርሮ መጥቶ ገባ። ማንም አልነካውም።»

«እንዴት ልብ ብለህ አየኸው?»

«እኔ ቀፎ እንዲገባ ስለት እየተሳልኩ ነበራ! ወደ እሱ ሲሄድ በቅናት ጋቢዬን መሬት ወረወርኩ። ልጄ ምስክሬ ናት።»

ሸንጎው ሳቀ። ወንድይፍራው ነጻ ወጣ። ባላምባራስ ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ይህን ለማኝ ያስጠጋ ከእኔ ጋር ይተያያል!» ብለው እየፎከሩ ሄዱ።

ወንድይፍራው የደባልቄን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። «ጋሽ ደባልቄ፣ ምን ልክፈልዎ? በቅሎዬ አለች፤ ወንዙን ላሻግራችሁ።»

ደባልቄ በቅሎዋን አየ። ወገቧ ሞልቶ ቆዳዋ ያብለጨልጫል። «ሂድ ወንድሜ» አለ። «በዚች ላይ ከተቀመጥኩ ቅናቱ ይገድለኛል።» ወንድይፍራው ቀልድ መስሎት ስቆ መንገዱን ቀጠለ።

አባትና ልጅ ባላምባራስ ቤት ሲደርሱ ዕቃቸው ደጅ ተጥሎ አገኙት። ለቅመው ሳይጨርሱ ዝናብ ጣለ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ በእግር የማይሞከር ጎርፍ ሆኗል። ወደ መንደሩ ተመልሰው በየበሩ «የመሸብን እንግዶች ነን» አሉ። የባላምባራስን ቁጣ የፈራ ሁሉ ከውስጥ ሆኖ «ቦታ የለንም» ይላል። ውዲቱ በአንዱ በር ስንጥቅ ስታይ እኩያዋ የሆነች ልጅ እሳት ዳር ተቀምጣ፣ እናቷ ጸጉሯን እየዳበሰች ታጎርሳታለች። ደረቷ ውስጥ አንዳች ነገር እንደ ሚጥሚጣ ለበለባት።

ዘወር ስትል አባቷ ያያታል። «ቀናሽ?» አላት።

አልቀናሁም ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ ዛሬ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የተናገረው ትዝ አላት።

«አዎ አባዬ» አለች። «በጣም ቀናሁ።»

ደባልቄ እጇን ያዘና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ወሰዳት። ከክፈፉ ሥር ዝናቡ አይደርስም፤ ጋቢውን አለበሳት። አባ ተድላ ለጸሎት ሲመጡ እዚያ ኩርምት ብለው አገኟቸው።

«ምነው፣ ማንም አላስገባችሁም?» አሉ ደንግጠው።

«አላስገቡንም አባ» አለች ውዲቱ። «አባቴ ግን ነገም ቢጠይቁት ያንኑ ነው የሚናገረው። እኔም እንደዚያው።»

ሽማግሌው አባትና ልጁን ተራ በተራ አዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገባቸው ቁጭ አሉና «ደግ አደረጋችሁ ልጄ» አሏት፤ «እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው።»