ሽንት አልሰጥም ያሉት አያ ጓንጉል

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፣ ላሟ ዛሬ የለችበትም። «የማሽላ ጉድጓድ» በሉኝ። እሰይ!

አያ ጓንጉል የሚባሉ የቆላ ገበሬ ነበሩ። ማሽላቸውን በጉድጓድ ያኖራሉ። ከታች ያለው ሲሻግት ማን ይጥለዋል? «ለጠላ ይሆናል» ይባላል። ጠላ ሆነ፣ አያም ጠጡት። ሲጠጡ ከርመው ዓይናቸው እርድ የነካው መሰለ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አይናዲስ አይታቸው ደነገጠች።

«አያ፣ የሻጋታ መርዝ ጉበትዎን እየበላው እንዳይሆን! በዚች ብልቃጥ ሽንት ይስጡኝና ላስመርምረው። ሳይታወቅ ከቆየ ይገድልዎታል» አለቻቸው።

«ሽንቴን? ከተማ ለከተማ ልታዞሪው? ሞቼ ነው ቆሜ! አልሰጥም!»

ወደ ሚስታቸው ሮጠች። «እትዬ ዘርትሁን፣ አያ ሽንት አልሰጥም አሉ፤ ጠላ ይከልክሏቸው!»

«በጠላ የተነሳ ባሌን ላስኮርፍ? አልከለክልም!»

ወደ ጋኑ ሄደች። «ጋን ጋን፣ አያ ሽንት አልሰጥም አሉ፣ እትዬ ጠላ አልከለክልም አሉ፤ በል ተደፋ!»

«ሆዴን ሞልቼ በተቀመጥኩበት? አልደፋም!»

ወደ ዱላው ሄደች። «ዱላ ዱላ፣ አያ ሽንት አልሰጥም አሉ፣ እትዬ ጠላ አልከለክልም አሉ፣ ጋን አልደፋም አለ፤ በል ምታው!»

«እኔ የአህያ ዱላ ነኝ፣ ጋን ምን አደረገኝ? አልመታም!»

ወደ ምስጡ ሄደች። «ምስጥ ምስጥ፣ አያ ሽንት አልሰጥም አሉ፣ እትዬ ጠላ አልከለክልም አሉ፣ ጋን አልደፋም አለ፣ ዱላ አልመታም አለ፤ በል ብላው!»

«የወይራ ዱላ? ጥርሴን ከየት አገኘሁት! አልበላም!»

አይናዲስ አንጀቷ አረረ። ሰውዬው እየሞቱ ምስጥ ጥርሱን ይቆጥራል! ወደ ዶሮዋ ሄደች። «ዶሮ ዶሮ፣ አያ ሽንት አልሰጥም አሉ፣ እትዬ ጠላ አልከለክልም አሉ፣ ጋን አልደፋም አለ፣ ዱላ አልመታም አለ፣ ምስጥ አልበላም አለ፤ በይ ልቀሚው!»

«በምን አቅሜ? የሚበተንልኝ የሻገተ ማሽላ ነው፤ ጭሬ እተወዋለሁ። ደህና እህል አምጪልኝና ምስጡን እለቅመዋለሁ» አለች ዶሮ።

ወይ ጉድ! ዶሮ የናቀችውን ሰው በዋንጫ ይጨልጠዋል!

አይናዲስ ከቤቷ ንጹህ ማሽላ አመጣች። ዶሮ በላች፣ ክንፏን አራገበች። ዶሮ ምስጥ ልትለቅም ስትል ምስጥ «ኧረ እበላለሁ!» አለ። ምስጥ ዱላ ሊበላ ሲል ዱላ «ኧረ እመታለሁ!» አለ። ዱላ ጋን ሊመታ ሲል ጋን «ኧረ እደፋለሁ!» ብሎ ዘጭ! ጠላውን መሬት ጠጣው። እትዬ ሳይወዱ በግዳቸው ጠላ ከለከሉ። አያም ባዶ ዋንጫ ታቅፈው «እሺ፣ እሰጣለሁ!» አሉ።

ብልቃጧን ይዘው ወደ ጓሮ ዞሩ። ቢቆሙ፣ ቢያምጡ፣ ጠብ የለም።

«አንቺ ልጅ! ጠላ ሳልጠጣ ሽንት ከየት ላምጣ?» ብለው ጮኹ።

አይናዲስ እየሳቀች ውኃ ሰጠቻቸው። ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ ጠጡት፣ ቆይተውም ብልቃጧን ሞሏት። በቅጠል ሸፍነው «ለማንም እንዳታሳዪ» ብለው ሰጧት።

ተመረመረ። የሻጋታው መርዝ ተገኘበት። «ሳይብስ ደርሰንበታል፤ ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ያን ማሽላ ግን በእህልም በጠላም እንዳይቀምሱ» አለቻቸው አይናዲስ። እትዬ ዘርትሁን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ባሌን በገዛ እጄ እየቀዳሁ ልገድለው ነበር!»

«ተይ አታልቅሺ» አሉ አያ ጓንጉል፣ «ይልቅ ከደህናው ጥመቂልኝ።»

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ ስታብሱ ግን፣ አደራ፣ ዳቦውን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት።