ከግራው ስፒከር የመጣው ድምፅ

አንድ ተሰማ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከሥራው ሲመለስ የድሮ የሙዚቃ ሸክላ ከማድመጥ የበለጠ የሚወደው ነገር አልነበረም። ሚስቱ የሻረግ ደግሞ ባልን በስም መጥራት ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት ነበረችና አንድም ቀን «ተሰማ» ብላው አታውቅም። ለምሳም፣ እንግዳ ሲመጣም፣ ስትቆጣም የምትጠራው «ጌታዬ» እያለች ነው።

ሁለቱ ለብዙ ዓመታት ሳሎናቸው ውስጥ ባሉ ሁለት አሮጌ ስፒከሮች አብረው ሲያደምጡ ኖሩ። አንደኛው ስፒከር እየተንኮሻኮሸ ድንገት ዝም ይላል። ያኔ የሻረግ ከማድቤት ብቅ ትልና በመዳፏ ጀርባውን መታ ስታደርገው ይናገራል። «ይኸው! ከእኔ ጋር እንጂ ከእርስዎ ጋር አይግባባም» ትለዋለች። ይስቃሉ።

ውሎ አድሮ ግን መንኮሻኮሹ ነጋዴውን አስጠላው። ሰው ሀብት ሲያገኝ ቀድሞ የሚያጣው ትዕግሥቱን ነው። ከባሕር ማዶ ቁመታቸው ሰው የሚያህል ሁለት ስፒከሮች አስመጣ። ለእነሱም ከቤቱ በስተኋላ የማድመጫ ክፍል አሠራ፤ መስኮቱን አስደፈነ፤ ግድግዳውን በወፍራም ስፖንጅ አስለበጠ። ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው ከመሐል ብቻ ነው ስላሉት ወንበሩም አንድ ሆነ። ሥራውን የያዙት ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ አዛውንት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ።

ሥራው ሲያልቅ ነጋዴው በሩ ሥር ጣት የምታህል ክፍተት አየ። በሩ የሚገኘው ከግራው ስፒከር ጀርባ ነው።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ይህችን ለምን ተዉአት?»

«ሆን ብዬ ነው። ልቧን የሚያማት ሚስት አለችዎት። ስትጣራ በምን ሊሰሟት ነው?»

«እነዚህ ስፒከሮች እኮ መርፌ ስትወድቅ እንኳ ያሰማሉ! የሚስቴ ድምፅ ያመልጠኛል ብለው ነው?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፍተቷንም አልደፈኑም።

በመጀመሪያው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ነጋዴው በሩን ዘጋና ከወጣትነቱ ጀምሮ ያልተለየውን ሸክላ አጫወተ። በአንድ ሠርግ ቤት የተቀዳ የማሲንቆ ጨዋታ ነው። እንዲህ አድርጎ ሰምቶት አያውቅም። የተጫዋቹ ትንፋሽ፣ የጭራው ፍትጊያ፣ የብርጭቆ ግጭት፣ ወንዶቹ «ይበል!» ሲሉ፣ ሁሉም እፊቱ ያለ መሰለው። ሸክላው ግማሽ ሲደርስ ደግሞ ከግራ በኩል፣ ከሩቅ፣ የሴት ድምፅ መጣ።

«ጌታዬ… ጌታዬ…»

ነጋዴውን ሰውነቱን ነዘረው። ይህን ሸክላ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፤ እንዲህ የምትል ሴት ግን አጋጥማው አታውቅም። ዜማው አንጀቷን የበላት የሠርግ ታዳሚ ተጫዋቹን ስታሞግስ መሰለችው። እነዚያ አሮጌ ስፒከሮች ስንት ዘመን ደብቀዋት ኖረዋል! ወዲያው ደብ የሚል ነገር ሰማ። ይህንንም፣ ደስ ብሏት እግሯን መታች ብሎ ተረጎመው። እሱም አላስችል ብሎት ጮክ አለ፤

«ይበል!»

ሸክላው ሲያልቅ ያችን ሴት እንደገና ሊሰማት መርፌውን ወደ መጀመሪያው መለሰ። አልመጣችም። ልብ ብዬ አላደመጥኩ ይሆናል አለና ለሦስተኛ ጊዜ አጫወተው። ግማሽ ላይ ሲደርስ አሁንም የለችም። ያኔ የበሩ ሥር ክፍተት ትዝ አለችው። ተነሥቶ በሩን ሲገፋው አልከፈት አለ። የሻረግ በሩን ተደግፋ ወድቃ ነበር።

በሩን ሲዘጋም ሲከፍትም የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ስትጠራው ቢወጣ ኖሮ ወዲያው ይዟት ይሄድ ነበር። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ግን ሕይወቷ አልፏል። ሐኪሙ «ከወደቀች ምን ያህል ጊዜ ሆናት?» ብሎ ሲጠይቀው ነጋዴው መልሱን ያውቅ ነበር። ሸክላው ሁለት ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ነው። ይህንን ግን ከአፉ ማውጣት አቃተው።

ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ጋሽ ድንበሩን እጃቸውን ይዞ ወደ ክፍሉ አስገባቸውና ሸክላውን አጫወተላቸው።

«አንዴ ያድምጡልኝ። ሴትዮዋ እዚህ ላይ አለች። አለች ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደመጡ። ሊያጽናኑት ብለው ለመዋሸት ፈልገው ነበር፤ አልሆነላቸውም።

«ልጄ፣ እነዚህ ዕቃዎች ውሸት አያውቁም። ያልተቀዳ አይናገሩም።»

«አልሰማሁም ብል እኮ ይቀለኝ ነበር» አለ ነጋዴው እያለቀሰ። «ሰምቻታለሁ! ጠራችኝ፤ ይበል አልኳት። ምናለ አንድ ቀን እንኳ በስሜ ብትጠራኝ!»

«በስምዎ ነው እንጂ የጠራችዎ» አሉ ሽማግሌው። «እሷ ዘንድ ሌላ ስም አልነበረዎትም።»

ነጋዴው ዛሬም እሑድ እሑድ እዚያች አንዲት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሸክላው ግማሽ ሲደርስ ጆሮውን ወደ ግራ ያዘነብላል። ትንፋሹም፣ ጭራውም፣ ብርጭቆውም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እሷ የለችም። አንድ ቀን አሮጌዎቹን ስፒከሮች ከመጋዘን አውጥቶ ሞከራቸው። አንደኛው እንደ ልማዱ ድንገት ዝም አለ። ነጋዴው ጀርባውን በመዳፉ መታው፤ ደጋግሞ መታው። አልተናገረም።

ወዳጄ፣ «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። የሩቁን አጥርተን ለመስማት ስንደክም የቅርቡን ሰው ጥሪ ለሌላ የተጠራ እናስመስለዋለን። ደንቆሮ ቢሆን ይቅር ይባላል፤ ሰምቶ የእኔ ነው ያላለ ግን ይቅር የሚለውን ሰው ራሱን ቀብሮታል። የተቀዳ ድምፅ ደግመህ ታጫውተዋለህ፤ በር ላይ የቆመ ሰው ድምፅ ግን መርፌ አይመልሰውም።

አንተስ፣ በዚህ ሳምንት «ይበል» ብለህ ያለፍከው የማንን ጥሪ ነው?