ከክብር ወንበር ላይ የተማርኩት የእጅ ቋንቋ

በእኛ ከተማ በደብረ ብርሃን፣ በተለይ በእኛ በጡረተኞች መካከል፣ አንድ ሰው በስብሰባ ላይ "ወደ ፊት ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ" ሲባል ፈገግ ብሎ ወደ ኋላ እየሸሸ የሚጠቅሰው አባባል አለ። ወጣቶቹም ለምደውታል፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቁም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሰርግ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ "ይህ የጥንት አባቶቻችን ጥበብ ነው" ብሎ አስረዳኝ። ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት። የጥንት አባቶች ጥበብ ሳይሆን የእኔ የውብሸት ሞኝነት መሆኑን ልነግረው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ዛሬ ግን ልናገረው ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

እዚሁ ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው፤ ሰው ግን አሁንም "ዳይሬክተር" ይለኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ። በሥራ ዘመኔ አጥብቄ የምጠላው ነገር ኩረጃ ነበር። ፈተና ላይ አንገቱን ወደ ጎረቤቱ ያሰገገ ተማሪ በእኔ እጅ ገብቶ በሰላም አይወጣም። ሲበዛም ወላጅ ይጠራል፤ ወላጅ ሲመጣ ደግሞ ወላጁንም እገሥጸዋለሁ።

ልጄ ሳምሶን አንድ ነው። እናቱ ካረፈች አምስት ዓመት አልፏል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ ወር መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠና "አባዬ፣ ላገባ ነው" አለኝ።

"እሰየው! ማን ትባላለች?"

"ረድኤት። አስተማሪ ናት።"

"ጎሽ! የእኛ ሙያ! ምን ታስተምራለች?"

"መስማት የተሳናቸው ልጆችን ነው የምታስተምረው። እሷም መስማት የተሳናት ናት።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ዝምታን ግን ከየት ላምጣው! "ታዲያ የማትሰማኝን ልጅ ምን ብዬ ነው የምመርቃት?" አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሳምሶን ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ አልደወለም። ቃሌ ለረድኤትም እንደደረሳት ውሎ አድሮ ሰማሁ። አፈርኩ፤ ደግሞም ፈራሁ፤ ያለኝ ልጅ አንድ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ግን ለዳይሬክተር ከባድ ነገር ነው፤ ልምዱ የለንም። ሳምሶን ታርቆኝ ከመጣ በኋላ ከረድኤት ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኘን። ተሳሳምን፣ ፈገግ ተባባልን፣ ከዚያ ሁለታችንም ጠረጴዛውን አየን። ያን ጊዜ ነው በልቤ የማልኩት፦ ሰርጉ በጥር ነው፤ በቅልቅሉ ቀን በሁለቱ ቤተሰብ ፊት ተነሥቼ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ በራሷ ቋንቋ በእጄ እመርቃታለሁ። ያ ምርቃት ይቅርታዬም ይሆናል።

የጡረተኞች ማኅበራችን አዳራሽ በሳምንት ሁለት ቀን ትምህርት አለ። ሐሙስ ሐሙስ ውይይት ነው፤ የውይይቱ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ውይይት ማለት እኔ ስናገር ሌላው የሚያዳምጥበት ሰዓት ይመስለኝ ነበር። "ሽማግሌ ከልጆቹ ጋር ይኑር ወይስ ለብቻው?" በሚል ርዕስ አንድ ሐሙስ ሃምሳ ደቂቃ ተናግሬ፣ "እንግዲህ በሰፊው ተወያይተናል" ብዬ ዘግቻለሁ። ማክሰኞ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚቀያየር ትምህርት ይሰጣል። አንዴ ስለ ስኳር በሽታ፣ አንዴ ስለ ንብ እርባታ ተምረዋል፤ ተምረዋል ያልኩት እኔ ስላልተማርኩ ነው። እግዜር ሲያግዘኝ ያን መስከረም ተረኛው ትምህርት የምልክት ቋንቋ ሆነ።

ለመማር ፈልጌ ነበር። ችግሩ መቀመጫው ነው። አግዳሚ ላይ ከእነማን ጋር ልቀመጥ? ከወይዘሮ ፅጌማርያም ጋር፤ ሠላሳ ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት አገልግላ የከተማውን ሰው ሁሉ በድምፁ የምታውቅ፣ ምላሷ ምላጭ የሆነች ሴት። ከአናጢው ከአቶ ሽፈራው ጋር፤ የትምህርት ቤቴን ወንበሮች ይጠግንልኝ የነበረ ሰው። መምህርቷ ሕሊና ደግሞ የራሴው ተማሪ የነበረች ልጅ ናት። ትምህርቱ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ጠርቼ አነጋገርኳት።

"ሕሊና፣ እመጣለሁ። እንደ ተማሪ ግን አይደለም።"

"ታዲያ እንደ ምን ጋሼ?"

"እንደ… የበላይ ጠባቂ።"

"ትምህርቱን ግን ይፈልጉታል?"

"በጣም እንጂ! የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ።"

"እንግዲያው ከፊት መስመር ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ቢቀመጡ ይሻላል። የእጅ ቋንቋ እኮ በዓይን ነው የሚሰማው።"

"ልጄ፣ እኔ እዚህ አዳራሽ ገብቼ አግዳሚ ላይ ብቀመጥ ሰው ታሟል ይላል።"

ምን ታድርግ፣ ዳይሬክተሯ ነበርኩ። ተስማማን። መድረኩ ላይ ከፊት በኩል ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ባለ ክንድ ወንበር፤ ወንበሩ ላይ እኔ፤ ፊቴ ወደ ሕዝቡ። የእጅ ሥዕሎቹ የተለጠፉበት ሰሌዳ ከኋላዬ ነው፤ ሕሊናም ሰሌዳው ሥር ቆማ ከኋላዬ ታስተምራለች። ሰው ሁሉ በራሴ ላይ አሻግሮ ያያታል።

"ጋሼ፣ ከዚያ ሆነው ይታይዎታል?" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

"ይታየኛል" አልኩ። ምን እንደሚታየኝ አልጠየቀችኝም።

ዞር ብዬ ላያት ፈልጌ ነበር፤ ግን የክብር እንግዳ አንገቱን አያዞርም። መላ መታሁ። እሷ ከኋላዬ ታሳያለች፤ ተማሪዎቹ ከፊቴ ሆነው ይደግማሉ፤ እኔ ደግሞ ከእነሱ አይቼ ጠረጴዛው ሥር እጄን አንቀሳቅሳለሁ። ይህ ነገር በአማርኛ ምን እንደሚባል ለማወቅ ሦስት ወር ሙሉ አልሞከርኩም። እንዲያውም በራሴ ብልሃት እየተደነቅሁ ቤቴ ስገባ መስታወት ፊት ቆሜ እለማመድ ነበር። በተለይ ትክክል ከፊቴ ከምትቀመጠው ከፅጌማርያም ነበር የምወስደው። ከእሷ ያመለጠኝን ከሽፈራው። ብርድ በጠናበት ቀን ሰው ሁሉ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ ስለሚደግም፣ ጋቢው ሲነቃነቅ አይቼ የቀረውን በግምት እሞላ ነበር።

በታኅሣሥ ፈተና ሆነ። ሁሉም በየተራ እየተነሣ በእጁ ሲናገር ሕሊና አረመችው፤ "እጅዎን ትንሽ ከፍ፣ እማማ፤ ትከሻዎ ካልፈቀደ ይሁን" ስትል ከኋላዬ ሰምቻለሁ። እኔ አልተፈተንኩም። የበላይ ጠባቂ እንዴት ይፈተናል? የምስክር ወረቀት የምሰጠው እኔ ነበርኩ። የሁሉንም ሰጥቼ ስጨርስ አንድ ወረቀት እጄ ላይ ቀረ፤ ስሜ ተጽፎበታል። ቀኝ እጄ ለግራ እጄ ሰጠና ሰው አጨበጨበ።

የቅልቅሉ ቀን ደረሰ። በረድኤት አባት በአቶ ጌጡ ግቢ ድንኳን ተተክሎ ከቀትር በኋላ ተሰበሰብን። በአንድ ወገን የእኛ ሰዎች፣ ፅጌማርያምንና ሽፈራውን ጨምሮ፤ በሌላው ወገን የእነሱ ዘመዶች፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ሃያ የሚሆኑ የረድኤት ጓደኞች፣ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች። ሕሊና ልታስተረጉም ተጠርታ መጥታለች። የምርቃቱ ተራ ሲደርስ ተነሣሁ። ሕሊና አጠገቤ ልትቆም ስትል እጄን ዘርግቼ መለስኳት።

"አያስፈልግም። ራሴ እነግራታለሁ።"

ሳምሶን ፊቱ ሲበራ አየሁ። ረድኤትም ገብቷት ቀና አለች። እኔም ልቤን ሞልቼ ጀመርኩ፦ "ልጄ ነሽ። እግዚአብሔር ይባርክሽ። ቤትሽ ይሙላ። በድዬሻለሁና ይቅር በይኝ።" ይህን ማለቴ ነበር።

ረድኤት መጀመሪያ ዓይኗን አጠበበች። ቀጥላ ወደ ሳምሶን አየች። ሦስተኛው ቃል ላይ ስደርስ ፈገግታዋ ጠፋ። ከጓደኞቿ አንዱ፣ ቁመተ ረጅም ልጅ፣ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና ወደ ድንኳኑ በር አመራ። ሌሎቹ እጃቸውን እያፈጠኑ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ንዴት ለማንበብ ግን ትምህርት አያስፈልግም ነበር። ሳምሶን መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

"አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው? ትቀልድባቸዋለህ?"

"እኔ?"

"እንደ ቋንቋቸው አስመስለህ እጅህን ስታወራጭ ምን ይበሉ? ያ ያልከው አልበቃ ብሎ!"

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ስናገር የኖርኩ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ በአፌም በእጄም ዲዳ ሆኜ ቆምኩ። ረድኤት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ልጄንም ምራቴንም በአንድ ምርቃት ያጣሁ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ከእኛ ወገን "ቆዩ! ቆዩ! ያ እኮ የኔ ትከሻ ነው!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ፅጌማርያም ነበረች። ነጠላዋን እያጣፋች ወደ መሐል ወጣች።

"ሕሊና፣ ቶሎ ተርጉሚላቸው! ዳይሬክተሩ አልቀለዱም፤ ኮርጀው ነው!"

"ከማን?" አለ ሳምሶን።

"ከእኔ! ደረጃ ላይ ከወደቅሁ ወዲህ ክንዴ አይነሣም፤ ግንባር ላይ የሚሠራውንም ደረት ላይ የሚሠራውንም ሁሉ ሆዴ ላይ ነው የምሠራው። እሳቸው መምህርቷን ከኋላቸው አስቀምጠው የኔን ቁርጥማት ተምረዋል!"

ሽፈራውም ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ተነሣ። ሁለቱን ጣቶቹን ድሮ መጋዝ ወስዷቸዋል። "ለካ ለዚህ ነው! ሁለት ጣታቸውን አጥፈው የሚናገሩት የኔ ስለሌሉ ነዋ!"

"መጨረሻ ላይ ያወዛወዙትስ ምንድን ነው?" አለች ሕሊና ሳቋን አፍና።

"ጋቢው ነው" አልኩ።

የእኛ ወገን በሳቅ ፈረሰ። ሕሊና በእጇ ስትተረጉም የረድኤት ጓደኞች መጀመሪያ አላመኑም፤ ቀጥለው ፅጌማርያም ክንዷን ለማንሣት ስትታገል፣ ሽፈራው እጁን ሲያሳይ አዩ። እነሱም ፈነዱ። ረጅሙ ልጅ ከበሩ ተመለሰ። ከድንኳኑ ጥግ አንድ የድሮ ተማሪዬ "ዳይሬክተር፣ ነገ ወላጅ ይዘው ይምጡ!" ብሎ ጮኸ። ይገባኛል፤ አንጀቱ የቆሰለ ነው።

እኔ ግን ዓይኔ ረድኤት ላይ ነበር። ሕሊናን ጠራኋትና ተርጉሚልኝ አልኳት። "ልጄ፣ 'ምን ብዬ ልመርቃት' ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጸጸት ኖሬአለሁ። በእጄ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ኩራቴ አላስተማረኝም። ይቅር በይኝ።" ስጨርስ እንባዬ ወረደ። አልደበቅሁትም።

ረድኤት ተነሥታ ከጥግ አንዲት በርጩማ አመጣች። ከፊቷ አስቀመጠቻትና በዓይኗ ተቀመጥ አለችኝ። ተቀመጥሁ። እሷም ጉልበቴ ጉልበቷን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች። እጄን ከሆዴ ላይ አንሥታ ወደ ቦታው ወሰደችው። የታጠፉትን ሁለት ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ "ልጄ" የሚለውን አሳየችኝ። ሞከርኩ፤ አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ደግሜ ሞከርኩ፤ እጄን አስተካከለችው። በአራተኛው ጊዜ ፊቷ በራ። ጓደኞቿ ሁሉ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው አርገበገቡት፤ ጭብጨባቸው እንደዚያ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት። የምስክር ወረቀቴ ያላስገኘልኝን ክብር ያን ቀን አገኘሁ። ሳምሶን ከኋላዋ ቆሞ አፍንጫውን ይጠርግ ነበር።

ሁለተኛውን ቃል ልንጀምር ስንል አቶ ጌጡ ባለ ክንድ ትልቅ ወንበር በሁለት እጁ ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። "ኧረ ነውር ነው! የሙሽራው አባት በርጩማ ላይ፣ ያውም ምራታቸው እግር ሥር! ዳይሬክተር፣ ይነሡልኝ፤ እዚያ ከፊት፣ ሰው ሁሉ በሚያይዎ ቦታ ላስቀምጥዎ!"

እውነቱን ልናገር፣ እኔ አልተማርኩም፤ ወገቤ ከበርጩማዋ መነሣት ጀምሮ ነበር። ፅጌማርያም ግን በደህናው እጇ ትከሻዬን ይዛ ወደ ታች ተጫነችኝና፣ ድንኳኑ ሁሉ እስኪሰማት ድረስ እንዲህ አለች፦ "ቁጭ ይበሉ ጋሽ ውብሸት፤ የክብር ወንበር፣ ፊቱ ለሰው ጀርባው ለትምህርት ነው!"