ቀኝ አዝማች ወፍራም ክርና ግራኟ ጦጢት

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ የዛሬው ግን የዛፍ ላይ ነው።

ድሮ፣ ክር አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ጦጢት የምትባል ግራኝ ነበረች። አባቷ ሲሞት ዜማ ይጫወትበት የነበረውን ባለ ክር ማንዶሊን ትቶላት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ፤ እናቷም ከጥቂት ቃል በላይ መናገር ተወች። ጦጢት አንዲት የአባቷን ዜማ ተምራ እናቷን ማጽናናት ፈለገች።

ማንዶሊኑን እንደ ሰው ሁሉ በቀኟ ሞከረችው፤ ጣቶቿ ተሳሰሩ። ገልብጣ በግራዋ ያዘችው፤ ወፍራሙ ክር ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ሆነና ዜማው ተደነባበረ።

ጎረቤቷ አያ ዝንጀሮ ሳቀ። «ያንን ግራ እጅሽን እሰሪው! አለዚያ ማንዶሊኑን ለእኔ ስጪኝ።»

«ከሚበላሽስ ነገ ይውሰደው» አለች እናቷ። ድምጿ ግን ተሰበረ።

ጦጢት ማንዶሊኑን አዝላ ወደ እንጨት ጠራቢው ወደ ግንደ ቆርቁር ሮጠች። «አያ ግንደ ቆርቁር፣ የክሮቹን ቦታ አዛውርልኝ!»

ግንደ ቆርቁር ክሮቹን ሲፈታ ወፍራሙ ክር ተቆጣ። «እኔ ቀኝ አዝማች ነኝ! ከማንዶሊኑ በስተቀኝ እንጂ በስተግራ አልቀመጥም!»

«ሰፊ መቀመጫ እጠርብልዎታለሁ» አለ ግንደ ቆርቁር።

«አልቀመጥም!»

«እኔም እለምንዎታለሁ፣ ጌታዬ» አለ ቀጭኑ ክር።

«አልቀመጥም አልኩ!»

ጦጢት ማንዶሊኑን ግንድ ላይ አስደግፋ ከፊቱ ቁጭ አለች። «ቀኝ አዝማች፣ ዘፈን ሰሚ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ፊት ለፊት ነዋ!»

«እኔም ፊት ለፊት ነኝ። እስካሁን ያየሁዎት በግራዬ በኩል ነው። ቢዛወሩ ግን ለምናይዎ ሁሉ በቀኝ ይሆናሉ።»

ወፍራሙ ክር አሰበ፣ አሰበ። «ይህን ሁሉ ዘመን ተዋርጄ ኖሬያለሁ ለካ!» ብሎ በገዛ እግሩ ተዛወረ።

በማግስቱ ጦጢት ክሮቹን ቃኝታ እቤቷ ደጃፍ ላይ በግራ እጇ መታቻቸው። ዜማዋ እዚህም እዚያም ተደናቀፈች፤ ግን ዜማ ነበረች።

እናቷ ከውስጥ ብቅ አለች። «አባትሽ መጣ እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ድገሚልኝ» አለች እናቷ፣ አጠገቧ እየተቀመጠች። ማንዶሊኑን ሊወስድ የመጣው አያ ዝንጀሮም ከጎናቸው ቁጭ አለ።

ዕቃ ለእጅ ይታረማል እንጂ እጅ ለዕቃ አይታሰርም። ተረቴን ጨረስኩ፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ በግራ እጃችሁም ብትሰጡኝ አልቀየምም።