ሁለት ሁለት ሆነው የተኙት

«ተረት ተረት!»
«የመሰረት!»

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። በድሮ ጊዜ፣ ደመናው ደጃፍ ድረስ በሚወርድበት ወይና ደጋ አገር፣ አሰገደች የምትባል ሴት ነበረች። የእናቷ የቡና ማሳ ነበራት።

ከገደሉ ማዶ ደግሞ ጭራቅ ይኖር ነበር። ጭራቁ ብዙ ሰው ካለበት ድርሽ አይልም። ብቻውን ያገኘውን ግን ይውጠዋል፤ ማሳውንም ይወርሳል። ጎረቤቶቿ ፈርተው አንድ በአንድ ሸሹ። አሰገደች ግን እናቷ የተከለችውን ቡና ጥላ መሄድ አልሆነላትም። «እንዴት አደራችሁ» የምትለው ሰው አጣች። ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ ከቡና ዛፎቹ ጋር ታወራለች።

ቡናው ቀላ። ቀይ ቀዩን ለቀመች። የመጨረሻውን ቅርንጫፍ ግን እንደ እናቷ ልማድ ለዱር እንስሳት ተወችው። የለቀመችውን በሸምበቆ የማድረቂያ አልጋ ላይ አሰጣችው።

አንድ ሽማግሌ ጉሬዛ ከዛፍ ወርዶ ያን ቅርንጫፍ በላና፣ «ልጄ፣ ድርሻዬን አልነፈግሽኝም» አላት። «ይህን ቡና ሦስት ሳምንት በእጅሽ አገላብጪው። አትቸኩዪ። ሲደርቅ ይናገርልሻል።»

በመጀመሪያው ሳምንት ጭራቁ መጣ።

«አንቺ ሴት! ከማን ጋር ነው ያለሽው?»

«ከቤተሰቤ ጋር፣ ጌታው። ሁለት ሁለት ሆነው ተኝተዋል።»

ጆሮውን አቆመ። ጭጭ። እውነት ቢሆንስ ብሎ ፈራ። «በሳምንቱ እመጣለሁ። ድምፃቸውን ካልሰማሁ ወዮልሽ!»

አሰገደች አንዷን ፍሬ ጆሮዋ ላይ ነቀነቀቻት። ዝም። ገና እርጥብ ናት። እያለቀሰች አገላበጠች።

በሁለተኛው ሳምንት መጣ።

«ዛሬስ?»

«እየነቁ ነው፣ ጌታው።»

ከአልጋው ሹክሹክታ ተሰማ። ጭራቁ ሳቀ። «ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው! ዛሬ በሬ በልቼ ሆዴ ቦታ የለውም። በሳምንቱ ሁላችሁንም እውጣለሁ!»

«ቡናዬን በጆንያ ከትቼ ልሽሽ ይሆን?» ብላ አሰበች። ግን እርጥብ ቡና ከታጨቀ ይሻግታል። አሁንም አገላበጠች።

በሦስተኛው ሳምንት ጭራቁ አፉን ከፍቶ መጣ።

«ልጆቼ፣ እንግዳ መጥቷል!» ብላ አልጋውን ነቀነቀችው። በየቅርፊቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የተኙት የቡና ፍሬዎች ተንቃጨሉ፤ ከዚያም እንደ ሰው ጮኹ።

«ማነው?»
«ዱላዬን አቀብሉኝ!»
«በዚያ በኩል ክበቡት!»

«ኧረ አገር ሙሉ ሰው ነው!» አለ ጭራቁ። ፈረጠጠ፤ ገደሉንም ዘለለ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ያን ጫጫታ ከጫካ የተደበቁት ጎረቤቶቿ ሰሙት። መጀመሪያ የደረሱት እማማ ድንቄ ነበሩ።

«አንቺ አሰገደች፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«እናንተ እስክትመጡ ከቡናው ጋር ነው፣ እማማ።»

እማማ ድንቄ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ከአልጋው ማዶ ቆመው ቡናውን ያገላብጡ ጀመር። አሰገደች አንዷን ፍሬ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀቻት። ቅጭል ብቻ አለች። ከዚያ ወዲህ ቡናው እንደ ሰው ተናግሮ አያውቅም። ሰው መጥቷላ!

ልጆቼ፣ የጀመራችሁትን እስኪደርስ ታገሱ። ጎረቤታችሁንም ብቻውን አትተዉት፤ እግዜርም አይወደውም።

ተረቴ ደረቀች፤ ከአልጋው ሰብስቧት፣ ለእኔም አንድ ዕፍኝ አስቀሩልኝ።