ካሜራው የተማረበት ቀን

የመኪና ፊውዝ የሚሠራ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ምንውየለት፣ አንዲት ሠራተኛቸውን በደሏት። ሴትዮዋ አሥራ ስድስት ዓመት ፊውዝ ስትፈትሽ ኖራለች። እሳቸው ግን ፎቶ እያነሳ ደህናውን ከብልሹ የሚለይ ካሜራ ካስተከሉ ወዲህ የእሷን ቃል መስማት ተዉ። ካሜራው በመጀመሪያው ሳምንት እሷ ያሳለፈቻቸውን ፊውዞች በሙሉ ብልሹ ናቸው ብሎ ጣለ። መኪና ላይ ሲሞከሩ አንድ እንኳ እንከን አልተገኘባቸውም፤ ለእሳቸው ግን ይህን ማን ይንገራቸው።

ሠራተኛው ሁሉ ባለበት አስጠሯትና ጥፋቷን አምና ከሥራ እንድትወጣ የሚል ወረቀት ዘረጉላት።

«ካሜራ አይደክመው፣ ለቅሶ ብሎ አይቀር፣ ለሰው አያዳላ። ነይ ፈርሚ።»

«እፈርማለሁ ጌታዬ። ደህና ፊውዝ ምን እንደሚመስል ለካሜራው ያሳየው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? በካሜራው ምረቃ ቀን ለእንግዶች ተወልውለው፣ እንደ መስታወት እያብረቀረቁ የተደረደሩትን ነው ያሳየሁት።»

ሴትዮዋ ለመፈረም ያነሳችውን እስክሪብቶ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው አቶ ምንውየለት፣ ካሜራው የሚያውቀው እንግዳ ሲመጣ የምንሆነውን ብቻ ነው። ወይ በየቀኑ እንግዳ ይጥሩለት፣ ወይ አዘቦታችንን ያሳዩት።»